የአያ ማሩ ድምፅ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ኤሌኒ፣

ባለሽበት ጤናሽ አይጓደል፤ እግርሽም በማያውቀው አገር አይሰናከል። እኛ እንደተውሽን አለን። እናቴን እግሯን ክረምቱ አስቸግሯት ነበር፣ መስከረም ሲጠባ ተሻላት። ስምሽን ሳትጠራ ጸሎቷን አትጨርስም።

የላክሽው የድምፅ ድራማ ጽሑፍ ደርሶኛል። ባለሱቁ በድሩ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ከፖስታ ቤት ተቀበለልኝ። «አንተና ዘመድህ በዚህ ዘመን በቅሎ ነጂ አደረጋችሁኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ስልኩ አንዳንድ ቀን ቢሠራም አንድ ሰላምታ ሳያስጨርስ ይቋረጣል።

«የመሻገሪያው ሰው»ን በአራት ቀን ቀዳነው። እንደምታውቂው ስቱዲዮ የምንላት ከበድሩ ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። የስፖንጅ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ አቆምን። ጸጥታ የምናገኘው ከቅዳሴ መውጫ እስከ ተማሪ መለቀቂያ ብቻ ነው። ዝናቡን ስንዱ ሠራችው፤ ጤፍ በሰፌድ እያንጓለለች። ወንዙ የእውነት ነው፣ ቀሃ ወርጄ በስልኬ ቀዳሁት። አንዲት ልብስ የምታጥብ ሴት «ምን ትቀዳለህ?» አለችኝ። «ውሃውን» አልኋት። «ታዲያ ምን አለህ?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ቆርጬ አወጣሁት።

የሴቶቹን ድምፅ ሁሉ ስንዱ ናት የሠራችው። የሟቹ ሚስት ስታለቅስ ከጎረቤት ሰው መጥቶ በር አንኳኳ። «ደኅና ናችሁ?» «ደኅና ነን፣ ሥራ ላይ ነን» አልን። ሰውየው እያማተበ ሄደ።

ያስቸገረኝ ሽማግሌው ነበር። ነጋዴውን ገድሎ ጋቢውን ወደ ወንዙ የሚወረውረው፣ ከዚያ ራሱ አስታራቂ ሆኖ የሚቀመጠው። አንቺ የጻፍሽልኝ «ድምፁ ሰው የሚያምነው ይሁን» ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስንዱ ሳቀች። «ይኼ ሽማግሌ አይደለም፣ ጉንፋን የያዘው ጎረምሳ ነው» አለች። በአራተኛው አንድ ነገር መጣልኝ። አልሳቀችም። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

በድሩ ታሪኩን በሚሞሪ ካርድ እየጫነ ይሸጣል። ሾፌሮቹ ወደ እንፍራንዝም፣ ወደ ደባርቅም፣ እስከ አዲ አርቃይ ይዘውት ይሄዳሉ። አንዱን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጣብቄ ልኬልሻለሁ። ቢቻልሽ የነፋስ ድምፅ የማያስገባ ማይክ ላኪልን።

ወንድምሽ አወቀ


በርገን
ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም አወቀ፣

የእናትህን እግር እግዚአብሔር ያጽናው። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው። ትናንትም ዝናብ ነበር።

ካርዱን ሥራ ቦታ ሰማሁት። የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። ማሽኖቹ ስድስት ናቸው፤ ሲዞሩ ሰው ሰውን አይሰማም። ለዚህ ነው የምወደው። ማዳመጫውን በጆሮዬ አድርጌ አንሶላ አጥፋለሁ።

ዝናባችሁ ከዚህ ዝናብ ይበልጣል። ስንዱን በርቺ በልልኝ።

ሽማግሌው ሲመጣ አንሶላውን በሁለት እጄ እንደያዝሁ ቆምሁ። ከመናገሩ በፊት ትንሽ ዝም ይላል። ጉሮሮውን በቀስታ ይጠርጋል። ከዚያ «ወገኔ» ይላል። «ወገኔ» የሚለውን እኔ አልጻፍሁም። ጽሑፉን አውጥቼ አየሁት። የለም። ሦስት ቦታ ጨምረኸዋል።

ቅር ብሎኝ አይደለም። ያምርበታል። ሸጋ ነው። ከየት እንዳመጣኸው ብቻ ንገረኝ።

አንሶላው መሬት ነክቶ ስለነበር እንደገና አጠብሁት።

ከአገር ቤት ማን አለ፣ ማን የለም? ሾላ ምንጭ ወርደህ ታውቃለህ? አያ ማሩ ደኅና ናቸው?

ማይኩን የሰው ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼልሃለሁ።

ኤሌኒ


ጎንደር
ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ኤሌኒ፣

በዓሉን በሰላም አሳለፍሽ ወይ? እኛ ጥምቀትን በደጃችን አከበርን። ማይኩ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ለመመለስ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ከገና በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቅ መጣ። ዘወትር ካርድ የሚገዛን ሰው ነው። ቆሞ ካርዱን አይገዛም፣ አይሄድም። በድሩ «ምነው ወዳጄ፣ ገበያው ነው ወይስ ሚስትህ?» አለው። ሰውየው አልሳቀም። «ያንን ሽማግሌ ሆኖ የተናገረው ማነው?» አለ። በድሩ በአገጩ እኔን አሳየው።

የነገረን ይህን ነው። በአዲ አርቃይ የገበያ ቀን፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቷ «የመሻገሪያው ሰው»ን በድምፅ ማጉያ ከፍታ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ይስቃል፣ ገዳዩን ይገምታል። «ሚስቱ ናት!» «አይደለችም፣ ዲያቆኑ ነው!» ይባባላሉ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ «ወገኔ» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። ከጥግ አንድ ሰው «ይኼማ አያ ማሩ አይደሉም?» አለ። ታሪኩ እስኪያልቅ ሰሙ። ሽማግሌው ጋቢውን ወደ ወንዙ ሲወረውር አንድ ወጣት ሻዩን ትቶ ተነሥቶ ወጣ። ሰውአገኝ ነው፤ የወንዴ ልጅ።

እታለም፣ ድምፁን ከእሳቸው ነው የወሰድሁት። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ የክርስትና አባቴ ናቸው። ሰው የሚያምነው ድምፅ ስትዪኝ ሌላ ድምፅ አላውቅም። ክፋት አላሰብሁበትም። ክፋትስ ባስብ ኖሮ የሌላ ሰው ድምፅ እመርጥ ነበር።

ወንዴን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታስታውሽዋለሽ። እሱ ከሾላ ምንጭ ገደል ሥር ሞቶ ሲገኝ እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጋቢው ከገደሉ ወገብ ላይ ቁጥቋጦ ይዞት፣ በቅሎው ከነጭነቷ ከላይ ታስራ። ገሚሱ ሰው አዳልጦት ነው አለ፤ ገሚሱ ገፍተውት ነው አለ። መጀመሪያ የደረሱት አያ ማሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ በወሰን ተጣልተዋል ተባለ። ሦስት ቀን አውጫጭ ተቀምጦ፣ አገሩ በሙሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲጠየቅ፣ አንድም ሰው አየሁ ያለ የለም። እንዲሁ ቀረ። የወንዴ ሚስት የትነበርሽ ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጇ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መሣሪያም አለው።

ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ለሾፌሩ ምዬ ነገርሁት። «ለእኔ አትማል፣ እኔ የማንም ደም የለብኝም» አለኝ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ክፍል ሁለት ጻፊልኝ። ሽማግሌው ገዳይ አለመሆኑ ይታይ፤ ሌላ ሰው ይሁን። በሳምንት ቀድተን እንበትነዋለን። ካርዱ የሄደበት ሁሉ ይሄዳል።

ወንድምሽ አወቀ


በርገን
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

አወቀ፣

ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ።

መጀመሪያ አይቻልም ብዬ ጻፍሁልህ። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ አንዲት ድንጋይ ብትነሣ ቤቱ ይወድቃል ብዬ። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ አጻጻፍ ጻፍሁ። ካነበብሁት በኋላ ቀደድሁት። ሰው ሊሞት ሲችል ስለ አጻጻፍ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ክፍል ሁለት ከዚህ ጋር አለ። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ገዳዩ ከሩቅ የመጣ የጨው ነጋዴ ሆኗል። ሽማግሌው ጋቢውን ያነሣው ሬሳውን ሊሸፍንበት ሲል ነው፤ ነፋስ ነጠቀው። ጥሩ አይደለም። ብቻ ቅዱት።

ድምፁን አትለውጥ። ብትለውጠው ያፈርህ ይመስላል።

ስለ ወንዴ የጻፍኸውን አነበብሁት። እንዳልኸው ነው።

ኤሌኒ

ሰውአገኝ አባቱን ይመስላል?


ጎንደር
ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ኤሌኒ፣

እንደምን አለሽ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ይቅር በይኝ።

ክፍል ሁለትን ቀዳነው፣ በተንነው። ባናደርገው ይሻል ነበር። አገር ቤት የሚባለው ይኼ ነው፦ «ምነው ሁለተኛ ተቀዳ? የመጀመሪያው ውሸት ከሆነ ለምን አስደነገጣቸው? ማን ሄዶ አስለወጣቸው?» የመጀመሪያውን ያልሰሙት እንኳ አሁን ፈልገው እየሰሙት ነው። በድሩ አልሸጥም ብሎ ከመደርደሪያው አነሣው። ሰዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፉታል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሾላ ምንጭ ሄጄ ነበር። ሰውአገኝ አባቱን ይመስላል ወይ ብለሽኝ ነበር፤ አባቱን በደንብ አላስታውሰውም። ልጁ ረጅም ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። መሣሪያውን በእጁ ይዞ አልመጣም፣ ግን የት እንዳስቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አያ አወቀ» አለኝ፤ በሰባት ዓመት ብበልጠው ነው አያ የሚለኝ። «አንተን አልይዝህም። አንተ የተጻፈልህን ነው የተናገርኸው። ጸሐፊዋ ግን የዚህ አገር ልጅ ናት። አውጫጩ ላይ ተቀምጣ ነበር አሉ። ጋቢው እንደተወረወረ ማን ነገራት? እኛ ያየነው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው። መወርወሩን ያየ ሰው የለም።»

«ደራሲ ነች፣ ትፈጥራለች» አልሁት።

«እሺ፣ ፈጠርሁ ትበላ። በራሷ አፍ።»

ሽማግሌዎቹ መሐል ገብተዋል። የተቆረጠው ነገር ይህ ነው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባል። ቄሰ ገበዙ ያወግዛሉ። አንቺ ስለ ወንዴ ደም ያየሁትም፣ የሰማሁትም፣ የደበቅሁትም የለም ብለሽ በእግዚአብሔር ስም ምለሽ ድምፅሽን ትልኪያለሽ፤ እዚያው ይሰማል። ወረቀት አይቀበሉም። «ወረቀት ማንም ይጽፈዋል፣ ድምፅ ግን የሰው ነው» አሉ። ይህን ሲሉ መሬት መሬት አየሁ። ከማልሽ ሰውአገኝ ነገሩን ይተዋል። ካልማልሽ፣ ወይ ካልደረሰ፣ ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ለአያ ማሩ ሕይወት ዋስ የለም።

አያ ማሩን አየኋቸው። ቤታቸው ናቸው፤ አልሸሹም። ሽሹ ያላቸው ሞልቷል። ሰው ፊት መናገር ግን ትተዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ካርዱን ነው የሚሰማው። አንድ ለቅሶ ላይ ለማጽናናት «ወገኔ» ብለው ቢጀምሩ ሴቶቹ ዞር አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእጃቸው ሰላም ይላሉ።

እኔ ነኝ አፋቸውን የወሰድሁባቸው። ቶሎ ላኪልኝ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አወቀ


በርገን
ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አንድ ደቂቃ ነው ብለህ ነበር። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

ሐምሌ 1998። ጠዋት ነው። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ወንዴን ከማዶ አፋፍ ላይ አየሁት። በቅሎዋን ከወይራው ጋር አሰራት። ጭነቱን አስተካከለላት፣ እንዳይቆረቁራት። ጋቢውን አወለቀ። አጠፈው። እንደገና አጠፈው። ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ቶሎ የሚመለስ ሰው ይመስል ነበር። እኔ ጀሪካኔን ልሞላ ጎንበስ አልሁ። ቀና ስል ጋቢው ብቻ ነበር።

ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከአያ ማሩ ጋር በወሰን የተጣሉት ከሁለት ዓመት በፊት ነበር፣ ታርቀዋል። ሰው ሁሉ ወንዴ ደኅና ነው ይል ነበር።

ቅርቡ ቤት የአያ ማሩ ስለሆነ ወደዚያ ሮጥሁ። አብረውኝ መጡ። ወደ ታች አዩ። ከዚያ ጋቢውን አዩት፤ ብዙ ጊዜ አዩት። ብድግ አድርገው ዘረጉትና ወደ ገደሉ ወረወሩት። «አዳልጦት ገደል የሚገባ ሰው ልብሱን አያጥፍም» አሉኝ። «ታጥፎ ካዩት ካህናቱ አይፈቱትም። ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጪ ነው የሚጣለው። ልጁ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። አንቺ ምንም አላየሽም።» ያኔም ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው ነበር።

ወንዴ በፍትሐት ተቀበረ። አልቅሰን ቀበርነው።

ከዚያ ገፍተውታል የሚለው ወሬ መጣ፤ ያንን ግን አያ ማሩ አላሰቡትም። አውጫጩ ላይ ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቄሱ «ዐውቆ የደበቀ» ብለው ሲያወግዙ ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዓመቱ ጎንደር ገባሁ፣ ከዚያ ወጣሁ። እዚህ ቄስ የለም ማለት አይደለም። አልሄድሁም።

«የመሻገሪያው ሰው»ን ስጽፍ ስለዚህ አላሰብሁም። ይህን ብልህ ታምነኛለህ? ሌላ ወንዝ ነው፣ ሌላ ሟች ነው ብዬ ነው የጻፍሁት። ጋቢው በራሱ ገባ። አሁን ግን ራሴን የምጠይቀው ሌላ ነው። ጋቢው በራሱ ከገባ፣ የወረወረውን ሰው ገዳይ ያደረገው ማነው? ዝም በዪ ስላሉኝ ቂም ይዤባቸው ኖሯል? አላውቅም። አንተ ድምፃቸውን ወስደሃል፣ በፍቅር ነው። እኔ እጃቸውን ወስጃለሁ። በምን እንደሆነ አላውቅም።

ካርዱ ላይ ሁለት ቅጂ አለ። በመጀመሪያው እንደጠየቁት ምያለሁ፤ ያየሁትም የሰማሁትም የለም ብያለሁ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ አራት ጊዜ ነው የቀዳሁት። በሁለተኛው አሁን የጻፍሁልህን ሁሉ ተናግሬያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀዳሁት።

የመጀመሪያው እኔን ይኮንናል። ሁለተኛው ወንዴን ከመቃብሩ ያወጣዋል፤ ልጁንም አባትህ እንዲህ ነው የሞተው ይለዋል። ሁለቱም አያ ማሩን ያድናሉ።

መምረጥ አልቻልሁም። ለአያ ማሩ ስጣቸው። እሳቸው ይምረጡ። ይህ ፍርሃት እንደሆነ ዐውቃለሁ።

ካርዱን የያዘው ሰው ሰኔ መጀመሪያ ጎንደር ይገባል።

ኤሌኒ


ጎንደር
ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ኤሌኒ፣

መጀመሪያ ይህን ልንገርሽ፦ አያ ማሩ በሕይወት አሉ።

ካርዱ ሰኔ 8 ደረሰኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ አቃጠልሁት። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ሾላ ምንጭ የገባሁት ሰኔ 11፣ ከሰዓት በኋላ ነው።

አያ ማሩ ግቢያቸው ውስጥ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። ብቻችንን ነበርን። «ሁለት ነገር ልካለች፣ እርስዎ ይምረጡ ብላለች» አልሁ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሁለተኛውን አስቀድሜ ከፈትሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። መጥረቢያውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ስታወራ እናቷን ትመስላለች» አሉ። ለሁለት ወር ሰው ፊት ያልተናገሩበት ድምፅ ነው። እኔ ካርዱ ላይ ከሠራሁት ይቀጥናል።

«የመጀመሪያውንስ?» አልኋቸው።

«እሱ ምንድነው?»

«መሐላ ነው። አላየሁም የሚል።»

«አልሰማውም። አንድ ጊዜ አስደብቄያታለሁ፤ ሁለተኛ በእግዚአብሔር ስም አላስምላትም።»

«እንግዲያውስ እውነቱን ላሰማ?»

መጥረቢያውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ «ልጁ በዓል በመጣ ቁጥር አባቱ መቃብር ላይ ጧፍ ያበራል» አሉ። «የቱ ጋ ያብራ?»

«ይገድሉዎታል እኮ፣ አያ!» ጮኽሁ መሰለኝ።

«ቀስ በል ወገኔ፣ ጎረቤት አለ።» ሞፈሩን አንሥተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እኔን ሰው ይፈታኛል። እሱን ማን ይፈታዋል?»

ካርዱን ከስልኬ አውጥተው በመጥረቢያው ጀርባ መቱት። ከዚያ ቄሰ ገበዙን እንድጠራላቸው ላኩኝ። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ እኔን አስወጡኝ።

በማግሥቱ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ሰውአገኝ ከእናቱ ጋር በስተቀኝ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ፤ የአንቺን ድምፅ የሚጠብቁት ከእኔ ነው። ያን ጊዜ አያ ማሩ በአጥሩ በር ገቡ። በገመድ የታሰረ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመዋል። ቄሰ ገበዙ መስቀል ይዘው ከፊታቸው ይሄዳሉ። የደም ይቅርታ እንዴት እንደሚለመን ታውቂያለሽ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ጥፋትህ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። መምጣቱ ራሱ በቂ ነው።

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ።

አያ ማሩ ሰውአገኝ እግር ሥር ተንበረከኩ። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ድንጋዩ ከበድ ያለ ነው፤ አንገታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ልጁ ብዙ ቆየ። ቄሱ ሦስት ጊዜ «ስለ ሚካኤል» አሉ። አልተንቀሳቀሰም። በአራተኛው ጎንበስ አለና ድንጋዩን አነሣላቸው። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የትነበርሽ ተነሥታ መጣች። «ዐሥራ ስምንት ዓመት» አለች። «ዐሥራ ስምንት ዓመት በተዝካሩም፣ በፋሲካውም ቤቴ ገብተው በሉ። ልጄን ጉልበትዎ ላይ አስቀመጡ።» አያ ማሩ ቀና ብለው አዩዋት። እንዲያው አዩዋት። ምራቋን መሬት ተፍታ ሄደች።

ካሣው አንድ ጥማድ መሬት ሆነ። ከእንግዲህ ሽምግልና አይቀመጡም። ነገሩ በመሐላ ተዘግቷል፤ የሁለቱ ወገን ሰዎች መሣሪያ ላለማንሣት ማሉ።

ሦስት ቀን እሳቸው ዘንድ አደርሁ። ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል፤ ከአክብሮት አይደለም። እሳቸው ለሁሉም እንደ ወትሮው ሰላም ይላሉ። የሚመልስ አላየሁም። አንድ ቀን «አሁን መናገር እችላለሁ፣ ደኅና ሆነ» አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን አላውቅም።

ከመመለሴ በፊት ሰውአገኝ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጸሐፊዋን አመስግንልኝ» አለ። «እሷ ባትኖር እስከ ዛሬ እጠራጠር ነበር።»

እሺ አልሁት።

ጎንደር ስመለስ ክፍል አንድን የሚጠይቅ ሰው ሱቁ በር ላይ ተሰልፎ አገኘሁ። አሁን እውነተኛ ታሪክ ሆኗል። በድሩ «የሞተ ሰው ላይ አልነግድም» ብሎ መለሳቸው። ስንዱ ሁሉን ስላላወቀች ተቆጥታኛለች፤ «እንደዚያ ያለ ሰው ድምፅ ነው ያሰማኸኝ!» አለችኝ። እሷንም ዝም አልኋት።

አወቀ


በርገን
ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም አወቀ፣

አገሩን ሰላም ያድርግልን። እናትህን ሳምልኝ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አወጣዋለሁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ አቆማለሁ።

እሳቸው ይምረጡ ብዬ ነበር። ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ ብዬ ነው። ሦስተኛውን እኔ አላሰብሁትም፤ ታሪክ እጽፋለሁ የምለው ሰው። ብጽፈው ኖሮ ማንም አያምነውም ብዬ እሰርዘው ነበር።

የሰውአገኝን ምስጋና ለማንም አትድገመው። ለእኔም።

አሁን ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። አያ ማሩ የሰበሩት ካርዱን ነው። ሁለተኛው ቅጂ እኔ ስልክ ላይ አለ። ሰባት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ። ልሰርዘው ሦስት ጊዜ ከፈትሁት። ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አይደለሁም።

ብሰርዘው ያ ሽማግሌ ገዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ከሦስታችን ሞት በኋላ ሌላ የሚናገር የለም። ባልሰርዘው አንድ ቀን አንድ ሰው ይሰማዋል፤ ያ ሰው ምናልባት የሰውአገኝ ልጅ ይሆናል።

ዛሬ ከሥራ በፊት ወስኛለሁ። አልሰርዘውም። እሳቸው በሕይወት እያሉ ግን ከማንም ጆሮ አይገባም፤ ሰውአገኝ ራሱ ደውሎ ቢለምነኝም። የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ ሕይወታቸውም የሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ያኔ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ እውነቱን ከእኔ ወስዶ መቃብሩን የሚነካ ወይም የማይነካ እሱ ይሆናል።

ለእሳቸው ምንም አትንገራቸው። ይህን ያህል ነገር ደግሞ ልደብቃቸው።

ሥራ ልገባ ነው። ደውል ተደውሏል።

ኤሌኒ